እሳት ያልነካው ገንቦ

ስሙኝማ ልጆቼ። አያቶቻችን ሳይወለዱ፣ የዋንዛ በር ቤተ ክርስቲያን ገና የሣር ክዳን ሳለች፣ አትጠገብ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። አገሩ በእሷ ገንቦ ውሃ ይጠጣል፤ እሷን ግን ቡዳ ናት እያለ ይሸሻል። የሰው ነገር እንዲህ ነው!

አትጠገብ ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ላስነሣ ብላ ታቅፋት መጣች። የመንደሩ ሹም ወንድይፍራው የቤተ ክርስቲያኗን በር ዘጋባት።

«የቡዳ ልጅ እዚህ አትጠመቅም!»

«ጌታዬ፣ እሷንም እኮ የፈጠራት እግዚአብሔር ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይርዳሽ! እሳት ባልነካው ገንቦ ከዳገቱ ሥር ካለው ጠበል ውሃ ቀድተሽ አምጪ። ያን ጊዜ ትጠመቃለች።»

የቤተ ክርስቲያኗ ቄስ ገብረ ኪሮስም ሹሙን ፈሩና ፊታቸውን አዞሩ። እኔ እስከ ዛሬ አዝንባቸዋለሁ።

አትጠገብ ጭቃ አቦካች፤ ገንቦ ሠራች። ወርዳ ቀዳች። ገንቦው እጇ ላይ ሟሟ። ሰው ሳቀ።

ደግማ ሠራች። በሙያዋ ተማምና ወፍራም አደረገችው፤ ሰባት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቀችው። ወርዳ ቀዳች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቂጡ ተቦድሶ ወደቀ። ሰው ሳቀ። ሕፃኗ ግን ታመመች፤ ጡትም እንቢ አለች። ሳትጠመቅ ብትሞትስ?

ሦስተኛ ሠራች። ስስ ነበር፤ ለማድረቅ እንኳ ጊዜ አልነበራትም። «ጌታ ሆይ፣ የእኔ ሙያ አለቀ። ያንተ ኃይል አያልቅም» አለች። ወርዳ ቀዳች። ዳገቱን ወጣች፤ ጠብታ አልወረደም። በሩ ላይ ደረሰች፤ ጠብታ አልወረደም። የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ደብቃ አቃጥላዋለች!» አለ ወንድይፍራው፤ ገንቦውንም በአውራ ጣቱ ጫነው። ጣቱ እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ስምጥ አለ። ውሃው ግን አልፈሰሰም! ሹሙ በግንባሩ ተደፋ።

ቄስ ገብረ ኪሮስ እያለቀሱ በዚያው ውሃ ሕፃኗን አጠመቋት። ልጅቱ ወዲያው የእናቷን ጡት ያዘች። የዚያን ቀን እልልታ ማዶ ያለው አገር ሰማው አሉ።

ዛሬም በዋንዛ በር የክርስትና ውሃ መቅጃ ሲሠራ፣ ሳይቃጠል ጎኑን በአውራ ጣት የሚጫነው የሹሙ ዘር ነው። መቅጃውን የሠራችው ሸክላ ሠሪም ቅጥሩ ውስጥ፣ ከሁሉ ፊት ትቆማለች። በዚያ አገር ድሃን የሚንቅ ሰው ሲገኝ ሽማግሌዎች ይቆጡታል፦ «ተው አንተ! እሳት ባይነካው እግዜር ነክቶታል።»