ገደቡ እስኪያልቅ

አንዲት ምላሷ የማይቻል በርበሬ ነጋዴ የቀበሌውን ሊቀመንበር አቶ ሽብሩን በገበያ መሐል ሰድባ ተከሰሰች። ዳኛው ፊት ቀርባም «ከአፌ አልወጣም» ብላ ካደች። ዳኛው ስድስት ወር እስራት ፈረዱባትና ቅጣቱን ለአንድ ዓመት በገደብ አደረጉላት። «በዚህ ዓመት ውስጥ ከሰደብሽ ወይም ከዋሸሽ ግን እስር ቤት ትገቢያለሽ» አሏት።

አቶ ሽብሩ አሁን ከማሞገስ ሌላ መውጫ እንደሌላት ገመቱ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ አስነሷትና፣ «እስቲ እኔ ምን ዓይነት መሪ እንደሆንኩ ለሕዝቡ ተናገሪ!» አሏት።

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«ጋሼ፣ ገደቤ በጥቅምት ያልቃል፤ እስከዚያ ይታገሡኝ። አሁን ብሰድብዎ እታሰራለሁ፤ ባሞግስዎም እታሰራለሁ።»