የቀኛዝማች ድልነሳው አራት አምፖሎች

መብራት ወደ ከተማቸው በገባበት ዓመት ቀኛዝማች ድልነሳው የግብር አዳራሻቸውን ያሳድሱ ጀመር። አንደበተ ስለታሙ የመብራት ሠራተኛ፣ "ከአራቱ አምፖሎች አንዱን ከመቀመጫዎ በላይ፣ ሦስቱን በእንግዶቹ በኩል ልስቀል" ቢላቸው ተቆጡ።

"እንግዳ የሚመጣው እኔን ሊያይ ነው። እሱንማ ማን ሊያየው ፈለገ? አራቱንም ከእኔ በላይ ስቀል።"

ሰውዬውም እንደታዘዘው ሰቀለ።

አዳራሹ ሲያልቅ ቀኛዝማች ግብር አበሉ። እሳቸው ሲገቡ ሁሉም ተነስቶ እጅ መንሳት አለበት። ማን እንዳጎነበሰ አንድ በአንድ ያያሉ፤ ያላጎነበሰ እስር ቤት ያድራል። ያን ቀን ግን አራቱ አምፖሎች ራሰ በራቸው ላይ ቦግ ብለው፣ ከገበታቸው ወዲያ ያለው ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነባቸው። የሚሰማቸው አጥንት ሲጋጥ ብቻ ነው።

"ያ መብራት ሠራተኛ የታል?" አሉ። "እጅ ሲነሳ አላየሁትም። ዛሬ አዳሩ እስር ቤት ነው።"

"እዚህ በሩ ጋ ነኝ ጌታዬ" አለ ሰውዬው ከጨለማው ውስጥ። "እኔ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው እጅ የነሳሁት። አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋብኝ ብዬ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀኛዝማች ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከብርሃኑ ጋርደው ወደ ጨለማው አፈጠጡ።

"ማነው የሳቀው?"

"እሱን እንኳ ጌታዬ፣ ሦስቱን አምፖል ወደዚህ ሳመጣቸው አብረን እናየዋለን።"