ለዘጠኝ ቁጥር የተላከ ሽምግልና

አንድ ቀን፣ ልጆቼ፣ ከገበያው ማዶ ያለው ሰፈር ለሁለት ተከፈለ። በድንበር አይደለም፣ በውሃም አይደለም፤ በአንድ ኳስ ተጫዋች ነው። እኔ ኳስ አላውቅም። ያ ሁሉ ጎረምሳ አንዲት ኳስ የሚቀማማው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ ለየራሳቸው ቢገዛላቸው ነገሩ ያልቅ ነበር። የዚህን ልጅ ነገር ግን ከሥሩ አውቀዋለሁ።

ልጁ አሊጋዝ ይባላል። የሰፈሩ ቡድን አጥቂ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር ለባሹ። አጥቂ ማለት ጎል የሚያገባው ነው አሉኝ። እንግዲህ አሊጋዝ ይሮጣል፣ ያልበዋል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፤ ጎል ግን የለም። አንድ ጊዜማ በረኛው አንሸራቶት ወድቆ፣ ጎሉ ባዶውን ቀርቶ፣ አሊጋዝ ኳሷን አክርሮ ቢመታት ከሜዳው ጀርባ ሀሊማ ካሰጣችው በርበሬ ላይ ሄዳ አረፈች። ሀሊማ ደግሞ ታውቋት የለ፣ ኳሷን አልሰጥም አለች። ጨዋታውም በዚያው ተበተነ።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ወንዶች በሚሰበሰቡበት በልብስ ሰፊው ደጅ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«ይሻሻላል። እግሩ ገና አልተፈታም» ይላል አንዱ።

«ማን አሰረው ደግሞ?» ይላል ሌላው።

«ባለፈው እኮ ለጥቂት ነው፤ ቋሚውን መታው።»

«የመብራቱን ቋሚ ነው የመታው። ማታ በጨለማ ያመሸነው በማን ሆነና?»

የ«ይሻሻላል» ባዮቹ አለቃ አያ አራጌ ነበር። አያ አራጌ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ማስታረቅ፣ ለጎረምሳ ሚስት መጠየቅ የእሱ ነገር ነው። አሊጋዝን ደግሞ ሲወደው ለጉድ ነው፤ ልጁ ኳስ ሲስት እሱ በቆመበት እግሩን ያነሳል፣ ላግዘው ብሎ።

የ«አይሻሻልም» ባዮቹ አለቃ የቡድኑ መሪ ሞላልኝ ነው። ይሄ ሰውዬ ኳስ በቴሌቪዥን ሲያይ ዳኛውንም አሰልጣኙንም የሚያርም፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ነው። አንድ ሐሙስ ታዲያ ልጆቹን ሰብስቦ «አሊጋዝ ከእሁድ በፊት ማልያውን ይመልስ፤ ሌላ ሰው እናስገባለን» ብሎ ቆረጠ።

አሊጋዝ ቤቱ ገብቶ በር ዘጋ። ማልያዋን ለብሶ ተኛ፤ እህል አልቀምስ አለ። እናቱ እያለቀሰች አያ አራጌ ዘንድ መጣች። «ይቺን ጨርቅ ከወሰዱበት ልጄ አገር ጥሎ ይጠፋብኛል፤ ሞላልኝ ዘንድ የሚሰማ አፍ ያለህ አንተ ብቻ ነህ» አለችው።

አያ አራጌ አሰበ፣ አሰበ። ሰው እንቢ ሲል ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። ለሚስት የሚሠራ ለማልያ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ? ሁለት ሽማግሌ ጨመረና ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሞላልኝ ደጅ ሄደው ቆሙ።

ሞላልኝ ሦስት ሽማግሌ ደጁ ላይ ሲያይ ሌላ ነገር መሰለው። ቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች እህት አለችው፤ ስንዱ የምትባል። ፊቱን ኮስተር፣ ድምፁን ወፈር አደረገ።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም» አለ አያ አራጌ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። «የመጣንበትን ካልፈጸምክልን ወንበርህን አንነካም።»

ሞላልኝ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ወጉ ነው። ልጁ ማን ነው?»

«አሊጋዝ።»

«የቱ አሊጋዝ? ሥራውስ?»

«አጥቂ ነው።»

«ያ አሊጋዝ? ባዶ ጎል የሳተ ልጅ የእኔን ቤት በምን አገኘው?»

«ኧረ እህትህን አይደለም» አለ አያ አራጌ። «ዘጠኝ ቁጥርን ነው የምንለምነው። እንዳትወስድበት ብለን ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ስንዱ «ተመስገን» ስትል ተሰማች።

ሞላልኝ እህቱን እንዳልጠየቁት ሲያውቅ ንዴቱ ባሰ። «ለማልያ ሽማግሌ? እናንተ ሰዎች፣ ኳስ ሳይንስ ነው። ሰው ልጅ ሳለ ካልተሠራ አለቀ፤ ይሄ ልጅ አይሻሻልም።»

«ትንሽ ጊዜ ስጠው።»

«ስንት ጊዜ? ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ይሻሻላል፣ ነገ ይሻሻላል ብዬ ተሸክሜዋለሁ። እስቲ እናንተ ብዙ ያያችሁ ናችሁ፤ የማይሻሻል ሰው ይዞ እንደ እኔ የታገሠ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ጥሩልኝ። አንድ ሰው ብቻ።»

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ወንበሩን በዓይኑ ፈለግ አደረገ። አያ አራጌም ጉልበቱን ይዞታል፤ ግን ሽምግልና ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም፤ ዛሬ የዚያችን እናት ፊት እንዴት ብሎ ያየዋል? ጭንቅ ብሎት ዘወር ቢል የሞላልኝ ሚስት ውባለም ውሃ በጆግ ይዛ ብቅ አለች። ፊቱ በራ።

«ውባለም አለችልህ» አለ፣ ረጋ ብሎ። «አንተን ለመዳር የአባቷ ደጅ ቆሜ የለመንኩ እኔ ነኝ። አባቷ ‹ይሄ ልጅ ለምን ሊረባ ነው?› ቢሉኝ፣ ‹ግዴለም፣ ይሻሻላል› ብዬ ማልኩላቸው። ይኸው ከተጋባችሁ አሥር ዓመት፤ አንድ ቀን እንኳ ማልያህን መልስ አላለችህም።»

ውባለም ጆጉን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አያ አራጌ» አለች፣ «ያን ጊዜ ሲምሉልን ግን እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩንም ነበር።»

ሞላልኝ ራሱ ወንበር አቀረበላቸው፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፤ ዘጠኝ ቁጥር በአሊጋዝ ላይ ቀረች። ሞላልኝም ከዚያ ወዲህ ስለ ልጁ የጠየቀው ሰው ካለ «ጊዜ ይሰጠው» ይላል። ሚስቱ አጠገቡ ካለች ደግሞ «ሰፋ ያለ ጊዜ» ብሎ ይጨምራል።