አቶ ማንደፍሮ የተሳሏት ብስክሌት

በአንድ ወቅት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ከባጃጅ በሚበዛበት ዘመን፣ አቶ ማንደፍሮ የሚባሉ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። የጠገኑትን ብስክሌት ራሳቸው ነድተው ሳይሞክሩ ለባለቤቱ አይመልሱም። ሙያቸውን የሚያከብሩትን ያህል ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ሽንት ሲያጣድፋቸው ይሮጣሉ፤ ደርሰው ሲቆሙ ግን እምቢ ይላቸዋል። ይህን ለሰው ከመናገር ሞት ይቀላቸው ነበር።

መጀመሪያ የደረሱላቸው የእድሩ ዳኛ አቶ ታከለ ናቸው። ማንደፍሮ በአንድ ስብሰባ ሦስት ጊዜ ተነስተው ሲወጡ አዩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው፣ በሠላሳ ወንድ ፊት የራሳቸውን ገመና አወጡት። ከሦስት ዓመት በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸው በቀዶ ጥገና ድነዋል፤ እስከዚያ ቀን ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም ነበር።

«እኔ አፍሬ ዘግይቼ ነበር፤ አንተ አትዘግይ» አሏቸው።

ማንደፍሮ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙም ሁለት ቀን ብስክሌት ሳይነዱ ለምርመራ ደም እንዲሰጡ አዘዛቸው።

ሁለተኛዋ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ፀዳለ ናት። የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨውን፣ ፒ ኤስ ኤ የሚሉትን ነገር ከደማቸው ለካች። ከአራት በታች መሆን የነበረበት ቁጥር አሥራ አንድ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ በካንሰር ይጨምራል፤ ካንሰር ሳይኖርም፣ ብስክሌት በመንዳት ጭምር፣ ሊጨምር ይችላል። ውጤቱን ሊወስዱ ሲመጡ የሱሪያቸው እግር በላስቲክ መታሰሩን አየችና ከምርመራው በፊት ብስክሌት ነድተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«የራሴንማ አልነካሁም። የደንበኞቼን ሰባት ብስክሌት ብቻ ነው የሞከርኩት» አሉ።

ፀዳለ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ሁለት ሳምንት የማንንም ብስክሌት ሳይነዱ እንዲመለሱና ምርመራው እንዲደገም ነገረቻቸው።

ሦስተኛዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትነሽ ናቸው። ማንደፍሮ ደስ ብሏቸው ቤት ገብተው፣ ጥፋቱ የብስክሌት ስለሆነ ከእንግዲህ መርፌ ብሎ ነገር የለም አሉ። እናትነሽ አልተከራከሩም። የመጠገኛ ሱቁን ቆልፈው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩና አሥራ አራት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ዱካ አድርገው ተቀመጡ። ደንበኛው ባሏን አስራ አስቀመጠች እያለ ቢያማቸውም ንቅንቅ አላሉም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ባላቸውን እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው።

አሁን ቁጥሩ ዘጠኝ ሆነ። ፀዳለ መሣሪያውን ውጤቱ በሚታወቅ ናሙና ፈትሻ ደግማ ለካች። ያው ዘጠኝ ነው። ከዕጢው ተቆንጥሮ ሲመረመር ካንሰር ተገኘ፤ ደግነቱ ገና ከዕጢው አልወጣም ነበር። ማንደፍሮ ወደ ቀዶ ጥገና ሲገቡ ተሳሉ። ሌላው ሰው ለታቦት ጃንጥላ ይሳላል፤ እሳቸው ግን በሕይወት ከወጡ አርባ ዓመት የነዷትን ብስክሌት ላዳናቸው ሰው ሊሰጡ ተሳሉ።

ዳኑም። ዓመቱ ሲሞላ ፒ ኤስ ኤያቸው ከምንም የማይቆጠር ሆነ፤ ለምስጋናውም በግ ታረደ። ብስክሌቷ ተወልውላ፣ ሰንሰለቷ ዘይት ጠጥቶ፣ ግቢው መሃል ቆመች። እንግዳው ሁሉ በልቶ ሲጠግብ ክርክሩ ተነሳ።

ታከለ አፋቸውን ባይከፍቱ ማንደፍሮ ሐኪም ቤት ባልረገጡ ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብለው፣ ወዳጃቸው ሲሰቃይ መክረማቸውስ? ፀዳለ ባትጠነቀቅ ቁጥሩን ማን ባመነው። ግን ማንደፍሮ አልመለስም ያሉት እሷ በሰጠቻቸው ሰበብ አይደለም ወይ? እናትነሽ ባይቆልፉ ሁለተኛው ደም ባልተቀዳ ነበር። ግን ከባላቸው ጎን እየተኙ፣ ሲነሱ ሲተኙ እያዩ፣ ለምን ቀድመው አልጠየቁም?

ከመሃል አንዱ ያዳናቸው እግዜር ነው አለ። እውነቱን ነው፤ እግዜር ግን ብስክሌት አይነዳም።

ማንደፍሮ ሦስቱንም ተራ በተራ ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«ሦስታችሁንም እኩል እወዳችኋለሁ። ስለቴ ግን ላንድ ሰው ነው» አሉ።

ብስክሌቷን እንደያዙ ቆመዋል። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጧት ነበር?