አትክፈቱት የተባለው ጉድጓድ

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ላሟ በዚህ ነገር የለችበትም። «የጉድጓድ ሀብት» በሉኝ። እስቲ ጠንከር አድርጋችሁ። ተረት ተረት! የጉድጓድ ሀብት! እንዲህ ነው እንጂ።

ድሮ፣ እንስሳት ሲያወሩ ድንጋይም ይመልስ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ የማሽላ አገር አንዲት ቆቅ ነበረች። ስሟ ቆቂት ይባላል። ባሏን ጭልፊት ነጥቋት ጫጩቶቿን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። በዚያ አገር እህል የሚቀመጠው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ ነው። መሬቱ ይቆፈራል፣ ጭድ ይነጠፍበታል፣ እህሉ ይገለበጥበታል፤ ከዚያ አፉ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። አየር የገባው እህል ይነቅዛል። ስለዚህ ጉድጓድ ያለ ምክንያት አይከፈትም፤ ይህን ጫጩት እንኳ ያውቀዋል።

እመት ጦጢት ትልቅ ጉድጓድ ነበራት። ምላሷም ከጉድጓዱ አያንስም።

«የየራሳችሁን ጉድጓድ ስትቆፍሩ ጥፍራችሁ አለቀ እኮ!» አለቻቸው እንስሳቱን። «ለእኔ ስጡኝ። አንድ ቁና ያስገባ አንድ ቁና ተኩል ያወጣል። እኔ ማለዳ ከፈት አድርጌ ቶሎ እከድነዋለሁ፤ አከፋፈቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው ከነካው ግን ነቀዝ ይገባል፣ ሁላችንም እናልቃለን።»

ተኩሉ ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር? እንጃላችሁ።

ደግሞም ነገሩ ዳኛ አለው ተባለ። አባ ኤሊ ጉድጓዱን እንዲቆጣጠር ተሾመ። አባ ኤሊ ክፉ አልነበረም፤ ጉቦም አይበላም። በየቀኑ ይመጣና ክዳኑ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«ጉድጓዱ እንዴት ሰነበተ?» ይላል።

«ሙሉ ነው፣ አባቴ» ትላለች እመት ጦጢት።

«እሰይ!» ይልና ቀስ እያለ ይወርዳል።

ዓመት አልፎ አዲስ መኸር ሲደርስ ቆቂት ከቆላ ማሳዎች ሥር ለሥር እየዞረች የቃረመችውን ነጭ ማሽላ በሙሉ ለእመት ጦጢት አስረከበች። ለራሷ ያስቀረችው ነገር አልነበረም። በጋው ረጅም ነው፤ ጫጩቶቿ ገና ናቸው፤ ያ ማሽላ ከሌለ በጋውን አይወጡትም። ይህን ስታስብ ትሰጋለች። ግን ተኩሉን ስታስብ ደግሞ ደስ ይላታል።

ትንሽ ቆይታ መጀመሪያ ሄደች።

«እመት ጦጢት፣ እንደምን አደሩ? ለልጆቼ አንድ ቁና ፈልጌ ነበር።»

«አንድ ቁና ምን አላት! አንድ ቁና ተኩል ውሰጂ እንጂ!» ብላ ከጎጆዋ አውጥታ ሰፈረችላት። ማሽላው ፀዓዳ ነው። ብናኝ የለው፣ ሽታ የለው። ጫጩቶቹ በልተው ጠገቡ። ቆቂት በደስታ ያልነገረችው ጎረቤት የለም። ከሁሉ ይልቅ ለአያ አህያ ነገረችው። አያ አህያ ከማሳ ወደ አውድማ ነዶ እየተሸከመ የሚኖር ጀርባው የገጠበ ሽማግሌ ነው።

«አያ አህያ፣ የድካምህን ዋጋ ስትቀበል ለእሷ ስጥ። አምኛት ነው የምነግርህ።»

«አንቺ ካልሽ እሰጣለሁ፣ እህቴ» አላት። አያ አህያ ሰውን ማመን ይወዳል።

ሁለተኛ ሄደች። ሜዳው ተቃርሞ አልቆ፣ ጫጩቶቹ በማለዳ ሲነሡ አፋቸውን ለእህል መክፈት ጀምረው ነበር።

«አሁን አይመችም፤ ፀሐይዋ በረድ ስትል ተመለሽ» አለቻት እመት ጦጢት።

ቆቂት ራቅ ብላ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጠች። ቆቅ ናትና ዓይኗ አያርፍም። ጃርት ከደጋ አውድማ አንድ ስልቻ ቀይ ማሽላ ተሸክሞ ሲመጣ አየች። ወደ እመት ጦጢት ጎጆ ገባ፤ ባዶ ስልቻ ይዞ ወጣ። ፀሐይዋ በረድ ስትል ቆቂት ተመለሰች። እመት ጦጢት ከጎጆዋ አውጥታ ሰፈረችላት። ማሽላው ቀይ ነው።

«እኔ ያስገባሁት ነጭ ነበር» አለች ቆቂት።

«ሆድ ቀለም ይመርጣል እንዴ? ደግሞ ተጨምሮልሻል!» ብላ ሳቀችባት።

ቆቂት እህሉን ተሸክማ መንገድ ገባች። ትንሽ ሄደችና ቆመች። አፍንጫዋን እህሉ ውስጥ ከተተች። ደግማ አሸተተች።

እህል ከጉድጓድ ሲወጣ ሽታ አለው። ኮምጠጥ ያለ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል፤ ቢሰጣም ቶሎ አይለቅም። የጉድጓድ አገር ሰው ሁሉ ያን ሽታ ያውቀዋል፤ እየተነጫነጨ በልቶት ነው ያደገው። ይህ እህል ግን የሚሸተው አውድማ አውድማ ነው። የበፊተኛውም እንዲሁ ነበር። «እመት ጦጢት እህል አያያዝ ታውቅበታለች፣ ሽታ እንኳ የለውም!» እየተባለ አገር ሙሉ ሲያመሰግን ከርሟል። ቆቂት ራሷ ስታመሰግን ከርማለች። አፈረች። ከሐፍረቱም ፍርሃቱ ባሰባት።

በጥድፊያ ወደ አባ ኤሊ ሄደች። እንደ ልማዱ ክዳኑ ድንጋይ ላይ ተኝቷል።

«አባ ኤሊ፣ ጉድጓዱን ያስከፍቱልን!»

«ለምን ተብሎ?»

«እመት ጦጢት የምትሰጠን እህል ከጉድጓዱ የወጣ አይደለም። የአንዱን ተቀብላ ለአንዱ ነው የምትሰጠው!»

አባ ኤሊ አንገቱን አወጣ፤ መልሶ አስገባ። «ስሚኝ ልጄ። ባስከፍተውና ሙሉ ቢሆን፣ ነቀዝ ይገባል፤ ሰው ሁሉ በእኔ ላይ ይጮኻል። ባስከፍተውና ባዶ ቢሆን፣ የት ነበርክ ብሎ አሁንም በእኔ ላይ ይጮኻል። ባላስከፍተው ግን የሚጮኽ የለም።»

«ልጆቼ ይጮኻሉ!»

«እስቲ ሽማግሌ ሰብስበን እንምከርበት። ነገር በችኮላ አይሆንም» አለና አንገቱን አስገብቶ ቀረ።

ቆቂት ልትሄድ ስትል ከአባ ኤሊ ሆድ ሥር ወፍራም ድምፅ ተሰማ።

«እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ ክዳኑ ድንጋይ።

ቆቂት ደነገጠች። «ታዲያ ልጠይቅህ። ሥርህ እህል አለ?»

«በእግርሽ ምቺኝ።»

መታችው። እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ድሮ ድምፅ አልነበረኝም» አለ ድንጋዩ። «ክረምት ሳይገባ ወንዝ ማዶ ያሉት ዘመዶቿ ዝንጀሮዎች መጡ። እጥፍ አድርገን እንመልሳለን ብለው ጭነው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያነሣኝ የለም። የተመረግሁበት ጭቃ ላይ ሣር በቅሏል፤ ዓይን ካለሽ እዪው።»

«ይህን ሁሉ እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ክዳን ነኛ! ሥራዬ መክደን ነው። መጠየቅ የሹሙ ሥራ ነው፤ ሹሙ ደግሞ እላዬ ላይ ተኝቷል።»

አባ ኤሊ ሰምቷል። ግን አንገቱን አላወጣም።

ቀዩ ማሽላ ሲያልቅ ቆቂት ሦስተኛ ሄደች። ይህኛው ከባድ ነው፤ ጠጋ በሉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ጫጩቶቿ ተርበው ውለዋል፤ ትንሿ ጭራሽ መቆም አቅቷት እቤት ቀርታለች። እመት ጦጢት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንዳየቻት ተነሥታ ጎጆዋ ውስጥ አስገባቻትና በሩን መለስ አደረገች።

«ከድንጋይ ጋር ስታወሪ ታይተሻል» አለቻት። ዛሬ አትስቅም።

«ጉድጓዱ ባዶ ነው።»

«ቀስ በይ! ዘመዶቼ ሊመልሱልኝ ነው። ዛሬ ነገ እያሉ ነው እንጂ አይክዱኝም። አንቺ ዛሬ ጮኸሽ ብትናገሪ ግን አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ለማንም አይደርስም። በሰው እህል መጫወት ማለት ይህ ነው!»

 ነገሩ ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቆቂት ይቀላት ነበር። ግማሹ እውነት ነው። አገሩ በአንድ ጊዜ ከመጣ ጉልበተኛው ይወስዳል፣ ደካማው ይረገጣል።

እመት ጦጢት ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። «አንቺ እናት ነሽ። ያንቺን ሙሉውን፣ ከነተኩሉ፣ አሁኑኑ እሰጥሻለሁ። ልጆችሽ በጋውን ይወጡታል። አፍሽን ብቻ ያዢ።»

«ከየት አምጥተሽ?» አንቱታውን ረሳችው።

«ከየትም ላምጣው፣ ምን አገባሽ?»

ይህን እያሉ ደጅ ላይ የሚያቃስት ትንፋሽ ተሰማ። አያ አህያ ነው። የመኸሩን ሙሉ ዋጋ በአንድ ጆንያ ተሸክሞ መጥቷል።

«ቤቶች! እህል ይዤ ነበር!» አለ። በሩ ሲከፈት ቆቂትን አየና ፊቱ ፈካ። «አንቺም እዚህ ነሽ? ምክርሽን ሰማሁ እኮ፣ እህቴ!» ጆንያውን አራገፈ። ጀርባው ላይ ያለው ቁስል አዲስ ነበር።

እመት ጦጢት እጇን ወደ ጆንያው ማሰሪያ ዘረጋች። ዓይኗን ግን ከቆቂት ላይ አላነሣችም። ይኸውልሽ፣ ከየት ነው ላልሽኝ፣ የምትል ትመስላለች።

ቆቂት ትንሿን ልጇን አሰበች። ጆንያው ሲፈታ ታያት፤ ቁናው ሲሰፈርላት ታያት።  አፏን ብትይዝ ልጆቿ ዛሬ ይጠግባሉ። እመት ጦጢት ማሰሪያውን ጎተተችው።

«አትስጣት!» ብላ ቆቂት ጮኸች። «አያ አህያ፣ ጆንያህን አንሣ! ጉድጓዱ ባዶ ነው!»

አያ አህያ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ተቆጣ። «አንቺ ሁለት ጊዜ ከነተኩሉ በልተሽ እኔ ላይ ሲደርስ ባዶ ሆነ? የእኔ ትርፍ ቆጨሽ?»

«የበላሁት የጃርትን ነው! አሁን ልትሰጠኝ የነበረው የአንተን ነው!»

የቆቅ ጩኸት ሩቅ ይሰማል። ጃርት መጣ፣ ሚዳቋ መጣች፣ ከርከሮ ቤተሰቡን ይዞ መጣ። «እህላችን! እህላችን!» ሆነ። ከርከሮ በክራንቻው እየገፋ ፊት ወጣ፤ ሚዳቋ ተረገጠች። እመት ጦጢት ዛፍ ላይ ወጥታ «ሙሉ ነው! ከከፈታችሁት ይነቅዛል! እሷ ናት የምታጠፋችሁ!» ትላለች። ገሚሱ ቆቂትን ሊደበድብ ዞረ። ቆቂት ግን ክዳኑ ድንጋይ ላይ፣ አባ ኤሊ ጎን ወጥታ ቆመች። 

«አባ ኤሊ፣ የሚጮኽ የለም ብለውኝ ነበር። ይኸው ተጮኸ። አሁንስ?»

አባ ኤሊ አንገቱን አወጣ። ሕዝቡን አየ፣ ሣር የበቀለበትን ጭቃ አየ። ከዚያ በሕይወቱ ፈጥኖ በማያውቀው ፍጥነት ከድንጋዩ ወረደ። «ማንም እንዳይገፋ! ከርከሮ፣ ጉልበትህን ለዚህ አድርገው። ክፈተው!»

ከርከሮ በአፍንጫው ገፍቶ ድንጋዩን ገለበጠው። የሞላ ጉድጓድ ሲከፈት ከውስጡ ሙቅ ትንፋሽ ይወጣል። ከዚህኛው የወጣው ቀዝቃዛ ነበር። ከሥር ዝንጀሮዎቹ ያንጠባጠቡት ጥቂት ማሽላ ጭድ ላይ ተበትኗል። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ።

ከእመት ጦጢት ጎጆ የተገኘውና ከጉድጓዱ የተጠረገው አንድ ላይ ተሰፍሮ ለሁሉም በየድርሻው ተከፈለ። ቀድሞ ተኩል የወሰደ ይቀነስበት ተባለ። ቆቂት ሁለቴ ወስዳ ነበርና የደረሳት እፍኝ አይሞላም። አያ አህያ ጆንያውን ተሸክሞ፣ አመሰግናለሁም ሳይል፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ከዚያ ክርክር ሆነ። ገሚሱ ጉድጓድ በየቀኑ ይከፈት አለ። ገሚሱ ከእንግዲህ ማንም ለማንም እህል አይስጥ አለ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በዚህ ተስማሙ፤ ጠባቂ የሆነ ሁሉ የራሱን እህል ቀድሞ ከሥር ያስገባ፣ መጨረሻ ያውጣ። ጉድጓዱም ቀን ተቆርጦ፣ ትንሽ ቢነቅዝም ይንቀዝ፣ ሁሉም እያየ ይከፈት። እመት ጦጢት ግን እስከ ዛሬ ዛፍ ላይ ሆና «ሙሉ ነበር፤ በጩኸታችሁ ነው ያለቀው» ትላለች። የሚያምናትም አይጠፋም።

ቆቂት ያቺን እፍኝ ለልጆቿ በተነች። ትንሿ ጫጩት ለቅማ ጨረሰችና ቀና አለች።

«እማዬ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ እንጠግብ ነበር?»

ቆቂት ልትዋሽ አልፈለገችም። «አዎ፣ ልጄ። ትጠግቡ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጮኽሽ?»

«የምትበሉት የአያ አህያን ጀርባ ስለ ነበረ።»

ጫጩቷ አሰበች። አልገባትም መሰለኝ፤ ርቧታላ። እናቷ ክንፏ ሥር አስገባቻት፤ ማለዳ ሁሉም ለቃርሚያ ወጡ፤ በጋውንም እየጫሩ፣ እየተራቡ፣ አንድም ሳይጎድሉ ወጡት።

ተረቴን ለናንተ፣ እህላችሁን ለማታችሁ። ስትተኙም ይህን አትርሱ፤ ነቀዝ ከሚበላው ዝምታ የሚበላው ይበልጣል።