የእንይሽ ቁመትና የብርሌው ሻማ

ልጆች፣ ተረት አለኝ። «ይንገሩን» በሉኝና ጠጋ ጠጋ በሉ። ሩቅ ለተቀመጠ አልጮህም፤ ጉሮሮዬ እንደኔው አርጅቷል።

ድሮ፣ ንብ እንደ ልብ በነበረበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ጠጅ ጣይ ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟም እንይሽ። እንይሽ በሦስት ዓመቷ በብርቱ ታመመች። እናት ወደ ጉብታው ደብር ሮጠች። ደጁን ተሳልማ፣ «ልጄን ማርልኝ እንጂ በቁመቷ ልክ ጧፍ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። ልጅቱ ዳነች።

ታዲያ አንጓች ስትሳል አንድ ነገር ረስታለች። «ዛሬ ባላት ቁመት» አላለችም። ለጧፍ ሰም ያስፈልጋል፤ ሰም ደግሞ በድኃ ቤት አይገኝም። ሰሙ ሳይገኝ ልጅቱ አደገች። ልጅቱ ስታድግ ስለቱም አብሮ አደገ። ሌላ እናት የልጇ ቀሚስ ሲያጥር ደስ ይላታል። አንጓች ግን ደስም ይላታል፣ ትፈራለችም። ያልገባ ስለት ልጇን መልሶ የሚወስድባት ይመስላታል።

አንጓች ጠጅ የምትጥለው ለባላምባራስ ጎሹ ነበር። ባላምባራስ መቶ ቀፎ ነበራቸው፤ እጃቸው ግን ለመስጠት ሲሆን ይኮማተራል። በዚያ አገር ወግ ጠጁ የጌታው ነው፤ ከጋኑ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ደግሞ የጠጅ ጣይዋ ነው። ሰፈፍ ታውቃላችሁ? ማሩ ሲሟሟ የሚተርፈው ሰምና የሞተ ንብ ነው። ባላምባራስ ዞር ብለው አይተውት አያውቁም።

በመጀመሪያው ዓመት አንጓች ሰፈፉን ሰብስባ አፈላች፣ በጨርቅ አጠለለች። ንቡ ከላይ ቀረ፣ ሰሙ ወረደ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ባላምባራስ ብቅ አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰፈፌ ነው፣ ጌታዬ።»

«ላንቺ የተውኩት ቆሻሻውን ነው። ይህ ሰም ነው። ሰሙ የንቤ ነው።»

ወሰዱት።

በሁለተኛው ዓመት አንጓች ቸኮለች። ሰሙን እንዳጠለለች ፈትሉን ነክራ ጧፍ አደረገችው። ባላምባራስ መጡ።

«ጌታዬ፣ ይህ እንኳ ጧፍ ነው።»

«ፈትሉ ያንቺ ነው፤ መዘሽ ውሰጂው። ሰሙ የንቤ ነው።»

ወሰዱት። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አይደል!

አንጓች ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እንይሽ በቀሚሷ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች፣ «እማዬ፣ ተይ አታልቅሺ። ከእንግዲህ አላድግም» አለቻት።

ያን ጊዜ አንጓች ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። «እደጊልኝ! ጣራ እስክትነኪ እደጊልኝ! ዘዴውን ለኔ ተዪው።»

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ባላምባራስ ድግስ ደገሱ። መምሬ ላቀው፣ የደብሩ ቄስ፣ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጠዋል። አንጓች መሀል አዳራሹ ላይ ቆማ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ በሰው ፊት ይንገሩኝ። ዘንድሮ የኔ የሚሆነው ሰም የትኛው ነው?»

ባላምባራስ ሞቅ ብሏቸዋል። ከደጅ የተከመረውን የብርሌ ስብርባሪ አሳዩአት። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ! ከዚያ ላይ ተጣብቆ ያገኘሽው ሰም ሁሉ ያንቺ ነው። ንጉሥ ይሙት፣ አልነካብሽም!»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። አንጓችም ሳቀች፤ ግን ቶሎ ብላ ወጣች።

ከክምሩ ውስጥ አንገታቸው ተሰብሮ ሆዳቸው የተረፈውን ብርሌዎች ለቀመች። ሹል ሹሉን በድንጋይ ሞረደች። ፈትሉን ከዘንድሮው ሰፈፍ ያጠለለችውን ሰም አጠጥታ አደረቀች፤ በስንደዶ አስራ በየብርሌው መሀል አቆመችው። የቀለጠውን ሰም ስታፈስበት የመጀመሪያው ብርሌ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። «ለካ ትኩስ በቀዝቃዛ አይፈስም» አለችና የቀሩትን በለብታ ውሃ አሞቀቻቸው። ከዚያ በኋላ አንድም አልተሰነጠቀባት። ሰሙ ረጋ፤ ከመስታወቱ ጋርም ተጣበቀ። ሃያ አንድ ትንንሽ ሻማ ሆነ።

የደብሩ በዓል ዕለት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እናትና ልጅ በሁለት ቅርጫት ይዘው ወጡ። ባላምባራስ ከደጀ ሰላሙ አገኟቸው።

«ደግሞ ሰሜን ወሰድሽ!»

«ከስብርባሪው ላይ ተጣብቆ ነው ያገኘሁት፣ ጌታዬ» አለች አንጓች።

ባላምባራስ ወደ መምሬ ላቀው ዞሩ። መምሬም፣ «ሲምሉ እዚያው ነበርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ባላምባራስ» አሉ። ባላምባራስ ከመንገዱ ገለል አሉ።

አንጓች ግን ቅርጫቱን አይታ ክው አለች። ስለቱ በልጅቱ ቁመት ነው፤ ብርሌው ግን ከጉልበቷም አይደርስ። «ልጄ፣ ይህ ቁመትሽን አይሞላም!»

እንይሽ ሳቀች። ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። «ለምን ቆሜ? ተኝቼ ለኪኝ!»

አንጓች ከተረከዟ ጀምራ እስከ አናቷ ብርሌዎቹን ደረደረች። ሃያ አንዱ ልክ ሆነ። አንድ በአንድ ለኮሰቻቸው። መምሬም፣ «ስለትሽ ገባ» አሏት። የአንጓች እንባ ወረደ፤ የዛሬው ግን የደስታ ነበር።

ወዲያው የጉብታው ነፋስ ተነሣ። በየሰው እጅ ያለው ጧፍ ጠፋ። ክንድ የሚያህለው የባላምባራስ ጧፍም ጠፋ። በመስታወት ውስጥ ያሉት ሃያ አንዱ ብቻ እንደበሩ ቀሩ። ሰው ሁሉ እሳት ሊለምን መጣ። ባላምባራስም መጡ፣ ቆሙ፣ አፈሩ። ብርሌው መሬት ላይ ስለሆነ ቆሞ መለኮስ አይቻልም።

እንይሽ ከተኛችበት ሆና፣ «እማዬን አይፍሩ፣ አባባ። በእግሬ በኩል ይምጡ፤ እዚያ ነፋሱ ያንሳል» አለቻቸው።

ባላምባራስ ጎሹ በሕዝብ ፊት፣ በጠጅ ጣይዋ ልጅ እግር ሥር ተንበረከኩ። ከናቁት ሰፈፍ፣ ከጣሉት ብርሌ ላይ እሳት ለኮሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰፈፉን የነካባት የለም። እንይሽም አደገች፤ እናቷም ቀሚሷ ባጠረ ቁጥር እየዘፈነች ትቀጥልላት ጀመር።

የናቁት ያደርጋል ራቁት፣ ልጆቼ። እኔ ተረቴን አቀበልኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለጉሮሮዬ ውሃ አቀብሉኝ።