ማማ ሳሊማ ለምን ይመጣሉ?

አንድ የቢሾፍቱ ልጅ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ ሆኖ ሊያገለግል ተጠራ። ስሙ ኪሩቤል ይባላል። የሚላከው ስዋሂሊ ወደሚነገርበት የባሕር ዳርቻ ሀገር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በሌላ ሩቅ ከተማ ባለ ማሰልጠኛ ተቀምጦ ቋንቋውን መማር ነበረበት። ሻንጣውን ሸከፈ፣ የእናቱንና የአባቱን የአቶ ወርዶፋን ጉልበት ስሞ ሄደ።

ማሰልጠኛው እንደደረሰ መጀመሪያ የተሰጠው ደረት ላይ የሚደረግ ጥቁር የስም ሰሌዳ ነው። ሲያነበው «ኤልደር ወርዶፋ» ይላል። ኤልደር ማለት ሽማግሌ ነው። ጢም እንኳ በወጉ ያላበቀለው ልጅ በአንድ ጀንበር ሽማግሌ ሆኖ አረፈው፤ ያውም በአባቱ ስም። እዚያ ሰው የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ነውና፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱ ከኋላው «ኤልደር ወርዶፋ!» ብሎ በተጣራ ቁጥር ኪሩቤል ዞር የሚለው አባቱን ፍለጋ ነበር።

ለቤተሰብ መደወል በሚፈቀድበት ቀን ይህንኑ ለአባቱ ነገራቸው። አቶ ወርዶፋ የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ ናቸው። የልጃቸው አዲስ እምነት ባይዋጥላቸውም ልጃቸውን ግን አልተቀየሙትም። ወሬውን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እንግዲያ የሰው በር እያንኳኳ የሚዞረው ወርዶፋ ነው በለኛ!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ «ስማ ልጄ፣ እምነቱ የአንተ ነው። ስሙ ግን የኔ ነው። አደራ፣ ሰው ቤት ገብተህ አታሰድበኝ።»

ይህች አደራ ኪሩቤልን እንቅልፍ ነሳችው። የአባቱን ስም ላለማሰደብ ያለው መንገድ አንድ ብቻ መሰለው፤ ከሁሉም ቀድሞ አፉን መፍታት። ስለዚህ ለሰው የሚያስተምሩትን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስዋሂሊ ሸመደደው። ሲበላም ሲለብስም ያነበንባል። ሌሎቹ ገና «ደህና ዋላችሁ» ለማለት ሲንተባተቡ እሱ እንደ ውሃ ያወርደው ጀመር።

በማሰልጠኛው ደንብ ሰልጣኝ ሁሉ ጓደኛ ይመደብለታል፤ ሁለቱ ከማዕድ እስከ ጸሎት አይለያዩም። ለኪሩቤል የደረሰው ኤልደር ኦፎሪ የሚባል ጋናዊ ነው። ኦፎሪ መሸምደድ አይሆንለትም። እሱ የሚሆንለት መጠየቅ ነው። ሹካውን ያነሳና «ይህስ ምን ይባላል?» ይላል። ዝናቡን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የአትክልተኛውን ባርኔጣ ሳይጠይቅ አያልፍም። አንድ ቀን በመስኮት ቀብር ሲያልፍ አይቶ፣ መምህርቷን መቃብር በስዋሂሊ ምን እንደሚባል ጠየቃት።

«አንተ ሰውዬ፣ ስለ በር ማጠፊያና ስለ መቃብር ነው እንዴ የምትሰብከው?» ይለዋል ኪሩቤል በእንግሊዝኛ፣ ትዕግሥቱ ሲያልቅ።

«ማን ያውቃል?» ይላል ኦፎሪ።

በዚያ ቤት ሌላም ልማድ አለ። ሰልጣኞቹ ቋንቋውን ሳይጠግቡ፣ ገና በመጀመሪያው ሰሞን፣ ስዋሂሊ ለሚናገር ሰው እንዲያስተምሩ ይደረጋል። ፈቃደኛው ሰው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደ ባለቤት ይቀመጣል፤ ጓደኛሞቹ በር አንኳኩተው እንደ እንግዳ ይገባሉ። ለነኪሩቤል የደረሷቸው ፈቃደኛ ማማ ሳሊማ የሚባሉ አሮጊት ናቸው።

ኪሩቤል የኚህ ሴትዮ ነገር ይገርመው ነበር። በየሳምንቱ ማሰልጠኛው ያለበትን ዳገት በምርኩዝ እያዘገሙ ይወጣሉ። እምነታቸውን የመለወጥ ሐሳብ እንደሌላቸው ለሁሉም ተናግረዋል። አበል የለ፣ ምሳ የለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው የልጆችን መንተባተብ ሰምተው ይመለሳሉ። ለመሆኑ ምን ፈልገው ነው? ጓደኞቹን ጠየቀ፤ የሚያውቅ ጠፋ። መምህርቷን እህት ናንጂላን ጠየቀ።

«እኔም አላውቅም። ለምን ራሳቸውን አትጠይቃቸውም?» አለችው።

ጥያቄው በሸመደደው ትምህርት ውስጥ አልነበረምና ተወው።

አንድ ሳምንት ሁለቱ ጓደኛሞች እንደ ወትሮው አንኳኩተው ገቡ። ማማ ሳሊማ ከእንጨት የተሠራች የአሳ መረብ መስፊያ በእጃቸው ይዘው ያገላብጣሉ። ኪሩቤል ለታላቅ ሰው የሚሰጠውን ሰላምታ «ሺካሞ» ብሎ ወረወረና መልሱን ሳይጠብቅ ትምህርቱን ጀመረ። መሃል ላይ አሮጊቷ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። ኪሩቤል ሰው ሲናገር እንደሚያዳምጥ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ልቡ ግን ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይፈልግ ነበር። ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቆ ካቆመበት ቀጠለ።

«ይህ መልእክት ለቤትዎ ታላቅ ደስታ ያመጣል!» አለ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ።

ማማ ሳሊማ መስፊያዋን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩ፣ ምርኩዛቸውን አነሱና ሰዓቱ ሳይደርስ ወጡ።

«አየህ? አንዲት ቃል አልሳትኩም!» አለ ኪሩቤል ኮሪደሩ ላይ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ኦፎሪ አንገቱን እንደደፋ፣ «ወንድማቸው ሞቷል» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«እሳቸው ናቸዋ። ለአንተ እኮ ነበር የሚነግሩት። ‹ወንድሜ› ሲሉ፣ ‹ባሕር› ሲሉ፣ ‹መቃብር› ሲሉ ሰማሁ። ሌላው ከፊታቸው ይነበባል። መስፊያዋ የሱ መሰለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አንድ ነገር አላልክም?»

«ቃል ስፈልግ አንተ ቀድመህ ደስታውን አበሰርካቸው።»

ኪሩቤል ቆሌው ተገፈፈ። እጁ ሳያስበው ደረቱ ላይ ወዳለው ሰሌዳ ሄደ። ደስታ ያበሰረው ወርዶፋ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

የስልኩ ቀን ሲደርስ ምንም ሳይደብቅ ለአባቱ ነገራቸው። አቶ ወርዶፋ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም።

«ለቅሶ ቤት ስገባ ተከትለኸኝ ታውቃለህ፤ ምን ስል ሰምተኸኛል?» ብለው ጠየቁት።

ኪሩቤል አሰበ። «እግዜር ያጥናችሁ ይሉና ይቀመጣሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሐዘንተኛው ካወራ ያዳምጣሉ።»

«እህ! ይህን ቢሾፍቱ ሳለህ ታውቀው የለም እንዴ? አዲሱን ቋንቋ ስትማር አሮጌውን ወግ የት ጣልከው? በል ሂድና በስሜ ተቀመጥ።»

ሴትዮዋ ግን ተመልሰው ይመጡ ይሆን? ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ኪሩቤል ሳምንቱን ሙሉ ልቡ አላረፈም። ሐዘንተኛ የሚጽናናበትን ቃል እህት ናንጂላን ጠይቆ ተማረ፤ «ፖሌ» ይባላል። «ለምን?» ብሎ መጠየቅንም ከኦፎሪ ተማረ። የቀጠሮው ቀን መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ዳገቱን ሲያይ ቆየ። ሰዓቱ አለፈ። በኋላ ምርኩዟ ታየች።

ገብቶ «ሺካሞ» አለና አጎንብሶ ጠበቀ። መልሱ ዘገየ። ቢሆንም ጠበቀ።

«ማራሃባ» አሉ በመጨረሻ።

«ፖሌ፣ ማማ» አለና ከኦፎሪ ጎን ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ያ ሁሉ የሸመደደው ትምህርት ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። ዝምታው ለሸምዳጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቆይቶ፣ እንዳያስከፋ እየፈራ፣ የተማረውን ጥያቄ አወጣው። «ማማ፣ እዚህ ለምን ይመጣሉ?»

ማማ ሳሊማ ቀና ብለው አዩት። ለሕፃን እንደሚነግሩ ቃል በቃል፣ በእጃቸው ጭምር እያሳዩ መለሱለት። ያልገባውን እየጠየቀ፣ ኦፎሪም እያገዘው፣ ተረዳ።

«ከዚህ ማሰልጠኛ ውጪ በዚህ ከተማ በቋንቋዬ የሚያናግረኝ የለም። ልጆቼ ረስተውታል፤ የልጅ ልጆቼ አያውቁትም። የእናንተ ስዋሂሊ የተሰባበረ ነው፤ ቢሆንም እሱን ስሰማ የእናቴ ደጅ ትዝ ይለኛል። ወንድሜ ሲሞት ለልጆቼ በእነሱ ቋንቋ ነገርኳቸው፤ እንባዬ ግን አልመጣም። በራሴ ቋንቋ ለአንድ ሰው ልንገር ብዬ ባለፈው መጣሁ። ነገርኩህ እኮ።»

«አልሰማሁም ነበር፣ ማማ። አሁን ይንገሩኝ» አለ ኪሩቤል።

መስፊያዋን ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስለ ወንድማቸው ጀልባ፣ ስለ አሳው፣ ስለ ሳቁ አወሩ፤ በመጨረሻም አለቀሱ። ሰዓቱ አልቆ ደወል ሲደወል የተነሳ የለም።

ከክፍሉ ሲወጡ እህት ናንጂላ እንደ ልማዷ፣ «ዛሬ ምን አስተማራችኋቸው?» አለች።

«ምንም። እሳቸው አስተማሩን» አለ ኪሩቤል።

ሰው ለመናገር ሲጣደፍ የሚጎድለው አዲስ ቃል ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ይዞት የወጣውንም ወግ መንገድ ላይ ይጥላል። ትልቅ መልእክት የያዘ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ የያዘው ሲከብደው የሌላው ሸክም አይታየውም። ሰሚ የሌለው ሰው ደጃፍ ላይ ስንደርስ ከእኛ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው።

እስቲ ወደ እናንተ የሚመላለስ አንድ ሰው አስቡ፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ወይም የሥራ ባልደረባ። ለምን እንደሚመጣ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ይህን ታሪክ ልታወሩለት ከፈለጋችሁም አውሩለት፤ መጀመሪያ ግን እሱ ያውራ።